ነፃ ጥሪ ከየት መጣ? (ዱባይ ላለው ተማሪዬ)

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዱባይ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፤ ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ሰላም ነዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ እማዬ ጋ በዋትሳፕ ልደውል ስል አይሠራም። ቦቲም የሚባለውን ካልጫንኩ ድምፅ የለም። አገር ቤት እያለን ደግሞ ያቺን ማዞሪያ ሠርተን አፍርሱ የተባልነው ትዝ ይልዎታል? ይሄን በኢንተርኔት መደወል የሚባል ነገር መጀመሪያ ማን ነው የሠራው? ለምንድን ነው ሁሉም የሚፈራው?»

መልሱን በድምፅ ልልክለት ጀመርኩና ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ረጅም ሆነብኝ። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው፤ ሌሎቻችሁም ታነቡት ይሆናል። የፈረንጅ ዓመት ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም.። የታሪክ መምህር አመል ነው፣ ታገሱኝ።

ከራሴው ቤት ልነሳ። በ1998 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ እህቴ ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የአሠሪዎቿ ቤት ስልክ ቁጥር በሰው በኩል ተጽፎ መጥቶልን እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች። በመደበኛው ስልክ ወደ ውጭ መደወል በኛ ቤት አቅም የሚታሰብ አልነበረም። አንድ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ግን በኮምፒውተር በርካሽ ይደወላል ተባለና ሄድን። ባለቤቱን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሄድሴቱ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ከመሳቢያ ነው የሚወጣው። በሩን ገርበብ አደረጉና ልጃቸውን ደጅ አቆሙት።

እናቴ ሄድሴቱን በሻሿ ላይ አጠለቀች። «ሃሎ! ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ የገዛ ድምፅዋ በጆሮዋ ተመልሶ መጣ፦ «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» ደነገጠች። ወደኔ ዞር ብላ «ማናት ይቺ የምታሾፍብኝ?» አለችኝ። እህቴ በዚያ በኩል ታለቅሳለች፤ እናቴ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ትቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ እንደገና ትቆማለች። ለአምስት ደቂቃ ከፍለን ያወራነው ሁለቱን ቢሆን ነው። ስንወጣ ጋሼ «ምን ስታደርጉ ነበር የሚላችሁ ካለ ኢሜይል ስንልክ በሉ» አሉን። እናቴ ኢሜይል ምን እንደሆነ አታውቅም። እንዳይጠፋባት መንገዱን ሙሉ «ኢሜል፣ ኢሜል» እያለች ነው ቤት የደረስነው።

ጋሼ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅም ሆነ የፋክስ አገልግሎት መስጠትን ይከለክል ነበር፤ መጠቀምንም ጭምር። እናቴ እንግዲህ ያን ቀን ሕግ ጥሳለች ማለት ነው። እስካሁን አልነገርኳትም።

መንግሥት ለምን ከለከለ? «ክፉ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ የታሪክ ሥራ አይደለም። ያኔ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ድንበር ሲሻገር የደዋዩ አገር ኩባንያ ለተቀባዩ አገር ኩባንያ በየደቂቃው በዶላር ይከፍላል። ለድሃ አገር ይሄ ሁነኛ የውጭ ምንዛሪ ነው። ቴሌፎን ደግሞ ያኔ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት እጅ የቆየ ነገር ነበር። ጥሪው በኢንተርኔት ከመጣ ያ ደቂቃ የትም አይቆጠርም። እህቴና እናቴ ሁለት ደቂቃ ሲያወሩ የሆነ ቦታ ያለ መዝገብ ላይ ሁለት ደቂቃ ይጎድላል። ፍርሃቱ የዶላር ነበር፤ ለብዙ ዓመት ነገሩን የማየው በፖለቲካ ብቻ ነበርና ይሄ አልታየኝም።

ደግሞ የፈራነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1995 ቮካልቴክ የሚባል የእስራኤል ኩባንያ «ኢንተርኔት ፎን» የተባለ ፕሮግራም ለገበያ አወጣ። ከኩባንያው ጀርባ አሎን ኮሄንና ሊዮር ሃራማቲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ኮምፒውተር፣ ሞደም፣ የድምፅ ካርድና ማይክራፎን ያለው ሰው ይህን ፕሮግራም ከጫነ፣ ዓለም ጥግ ያለ ፕሮግራሙን የጫነ ሌላ ሰው ማነጋገር ይችላል። በብዙው ኮምፒውተር ላይ እንደ ወታደር ሬዲዮ በየተራ ነበር የሚወራው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ግን የሩቅ ጥሪ ሒሳብ የለም። በ1996 የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች አንድ ማኅበር (አክታ ይባላል) ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት አለ። የጠየቀው በአጭሩ ይህን ፕሮግራም የሚሸጡትን አስቁሙልን ነው። ያው የኛ አዋጅ ሐሳብ ነው፣ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ ዋሽንግተን ላይ።

እዚህ ላይ ጄፍ ፑልቨር የሚባል ሰው ይገባል። ኒውዮርክ አካባቢ ያደገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በአማተር ሬዲዮ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ አውጥተህ በራስህ ሬዲዮ ዓለም ላይ ካለ ሰው ጋር ለደስታህ ማውራት ነው፤ እኛ አገር ብዙም አልተለመደም። ፑልቨር በ1995 «ፍሪ ወርልድ ዳያል አፕ» የሚል ነገር ከሌሎች ጋር ጀመረ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን ከሰፈራቸው የስልክ መስመር ጋር ያያይዛሉ፤ ከሩቅ በኢንተርኔት የመጣው ድምፅ በነሱ በኩል ወደ አገሬው ስልክ ይገባል። የአክታ አቤቱታ ሲመጣ ተቃዋሚዎችን አሰባሰበ። «ቮን» የሚላቸውን ትልልቅ ጉባኤዎች ማዘጋጀት ጀመረ፤ ኢንጂነሩም፣ ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሰውም አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚገናኙበት። ኮሚሽኑ የጠየቁትን እገዳ አላወጣም። በኋላም ፑልቨር ራሱ ኮሚሽኑን ጠየቀ፦ የኔ አገልግሎት የስልክ ኩባንያ ነው ወይስ አይደለም? በፌብሩዋሪ 2004 መልሱ መጣ፦ አይደለም። በኛ አቆጣጠር የካቲት 1996 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሄድሴት በፌስታል ከሚጠቀለልበት ቀን ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማል።

ፑልቨር በሩን አስከፍቷል እንበል። ቤቱን የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው፣ ለተማሪዬ ዋናው መልስ ያለውም እነሱ ጋ ነው።

የድሮ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ማዞሪያ ያውቃል። አንድ ዋና ቁጥር አለ፤ ትደውላለህ፣ ኦፕሬተሯ «ማንን ላቅርብልዎ?» ትላለች፣ ወደ ውስጥ ቁጥር ታዞርልሃለች። ከዚያ በስተጀርባ ያለው ሣጥን በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩት፣ ተዘግቶ የሚመጣ፣ ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ነበር። ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ የስልክ ካርድ እንኳ ለመግዛት ያንኑ ያህል ያስፈልጋል። ውድ ያደረገው በላዩ የሚቀመጠው ድምፅን የሚያሰላ ልዩ ቺፕ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጂም ዲክሰን የሚባል የስልክ ሥርዓት አማካሪ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ። እሱም የአማተር ሬዲዮ ሰው ነው። የተራ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ፍጥነቱ በጣም አድጓል፤ ያ ልዩ ቺፕ የሚሠራውን ሥራ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ታዲያ ውድ ቺፕ ለምን እንገዛለን? ካርዱ መስመሩን ብቻ ይቀበል፣ ስሌቱን ኮምፒውተሩ ይሥራ። ሠርቶ ሞከረው፣ ሆነ። ካርዱን «ቶርሜንታ» አለው፣ በስፓኒሽ ማዕበል ማለት ነው። ፕሮጀክቱን ደግሞ በሜክሲኮው የገበሬዎች አብዮተኛ በኤሚሊያኖ ዛፓታ ስም ጠራው። የመሬት ላራሹን ዘመን ለምናውቅ ሰዎች ስሙ ብዙ ይናገራል። የካርዱን ንድፍና ፕሮግራሙን ለማንም ይሁን ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሰውየው ይህን ይዞ ሀብታም መሆን ይችል ነበር እኮ።

አሁን ወደ አላባማ እንሂድ፣ ሃንትስቪል ከተማ። ማርክ ስፔንሰር 22 ዓመቱ ነው፤ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለ ለመልእክት መላላኪያ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም ጽፎ በክፍት ኮድ ሰዎች ዘንድ ስሙ ታውቋል። በ1999 በ4,000 ዶላር ገደማ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ሥራው ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎችን መርዳት ነው። ሰዎች ስለሚደውሉለት ማዞሪያ ያስፈልገዋል። ዋጋ ጠየቀ። ካፒታሉ ሁሉ ተደምሮ ማዞሪያ አይገዛም። ስለዚህ ራሱ ጻፈው። ስሙን አስትሪስክ አለው፤ የስልካችሁ ቁልፍ ላይ ያለችው የኮከብ ምልክት። በሊኑክስ ትእዛዝ ውስጥ ኮከብ ማለት «ሁሉም» ማለት ነው።

ኮዱን ጂ.ፒ.ኤል. በሚባለው ፈቃድ ለቀቀው። ለማታውቁት ላብራራ፤ ፕሮግራሙን ውሰድ፣ ተጠቀም፣ ቀይረው፣ ሽጠውም፣ ግን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ኮዱንም እንዳገኘኸው ክፍት አድርገህ ስጥ ማለት ነው። ኦፕን ሶርስ ከምንላቸው ፈቃዶች ውስጥ ከጠንካሮቹ አንዱ ይሄ ነው።

የስፔንሰር ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ ከእውነተኛ የስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ርካሽ ነገር አልነበረውም። የዲክሰንን ካርድ አገኘ። ዲክሰን የጻፈው ለሌላ ሥርዓት ነበር፤ ስፔንሰር ወደ ሊኑክስ አመጣው። አንዱ ሶፍትዌር ይዟል፣ አንዱ ካርድ፤ ሁለቱም የሰጡት በነፃ ነው፣ ለዚህም ነው ሊገናኙ የቻሉት። ሁለቱም ዘግተው ቢያስቀምጡት ኖሮ አንዱ ሌላውን በየት በኩል ያገኘዋል? ከዚያ በኋላ የስፔንሰር ድርጅት ስሙን ዲጂየም ብሎ ሶፍትዌሩን በነፃ እየሰጠ ካርዶቹን እየሸጠ መኖር ጀመረ።

የዚያን ዘመን ዕቃዎች እወዳቸዋለሁ። ብዙዎቹን በፎቶ ነው የማውቃቸው፣ አልዋሽም። አንዷ «አያክሲ» ትባላለች፤ ዲጂየም የሠራት ትንሽ ሣጥን ናት። በአንድ በኩል ተራ የቤት ስልክ ትሰካባታለህ፣ በሌላ በኩል የኢንተርኔት ገመድ፤ ያ ቁጥሩ በእጅ የሚሽከረከር የአያትህ ስልክ ሳይቀር የኢንተርኔት ስልክ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ ማጂክ ጃክን ታውቋታላችሁ፤ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካዋ፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈልባት። የማጂክ ጃክ ኩባንያ በ2010 ከማን ጋር እንደተዋሐደ ታውቃላችሁ? ከቮካልቴክ ጋር፣ ከዚያው «ኢንተርኔት ፎን»ን ካወጣው።

በሴፕቴምበር 2004 አትላንታ ላይ የመጀመሪያው የአስትሪስክ ጉባኤ ተደረገ፤ አስትሪኮን ይባላል። 1.0 የተባለው የፕሮግራሙ እትም የወጣውም በዚያው ነው። የነዚህን ጉባኤዎች ቪዲዮ ከዓመታት በኋላ በየሌሊቱ እያወረድኩ አይቻለሁ። በስም ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ታያለህ። አንዱ ከቦርሳው ሣጥን ያወጣል፣ ሌላው ይከፍተዋል፣ ሦስተኛው «ይሄ እኔ ጋ አይሠራም» ይላል፣ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ሲነካኩ ያመሻሉ። የኛን የትምህርት ሴሚናር ለምዶ ለኖረ ሰው ያስቀናል፤ የኛው የሚያልቀው በአበል ፊርማ ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። ያ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ምንድን ነው? ለዓመታት የካፌው ኮምፒውተር ችግር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የቤት ስልክ መስመር ሁለት ቀጭን ሽቦ ነው፤ የሚሄደውም የሚመጣውም ድምፅ በነዚያው ሁለት ሽቦዎች ይተላለፋል። መስመሩ ከማዞሪያው ሲደርስ ሁለቱ ድምፆች ይለያሉ፣ መለያው ግን ፍጹም አይደለም፤ ትንሽ ድምፅ ያመልጥና ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። ጥሪው ቅርብ ከሆነ ወዲያው ስለሚመለስ ጆሮህ አይለየውም። በኢንተርኔት በኩል ከሆነ ግን ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፤ ያኔ ራስህን ትሰማለህ። እናቴ ላይ ያሾፈችባት እንግዲህ ቤሩት ያለችው የዚያ ቤት ስልክ ሽቦ ናት።

የመጀመሪያዎቹ የአስትሪስክ ተጠቃሚዎች ትልቁ ለቅሶ ይሄው ነበር። በነፃ አብሮት የሚመጣው ማስተሚያ ደካማ ነው፤ በሃርድዌር የተሠራው ጥሩ ነው፣ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የምወደው ሰው ይመጣል፤ ዴቪድ ሮው፣ የአደሌድ አውስትራሊያ ሰው። (እሱም የአማተር ሬዲዮ ሰው ነው፤ ሦስተኛ መሆኑ ነው፣ እኔም ገርሞኛል።) በድምፅ ስሌት ዶክትሬት ያለው ኢንጂነር ነው። በ2006 ደህና ደሞዝ ያለውን የኃላፊነት ሥራ ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለክፍት ቴሌፎን ሥራ ሰጠ። «ኦስሌክ» የሚባል የማሚቶ ማጥፊያ ጻፈ። ስቲቭ አንደርውድ የሚባል ሌላ ሰው በነፃ ከለቀቀው ኮድ ተነስቶ ነው የጀመረው። መስመራቸው የሚያስቸግራቸውን ሰዎች ድምፁን ቅዱና ላኩልኝ አላቸው፤ በላኩለት ቅጂ ላይ እየሞከረ አስተካከለው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ፕሮግራሙ አንተ የተናገርከውን ይዞ ይቆያል፣ መስመሩ ምን ያህል እንደሚመልስ እያጠና ይማራል፣ ከዚያ ከሚመጣው ድምፅ ላይ ያንኑ ይቀንሳል። ኦስሌክ በኋላ ሊኑክስ ራሱ ውስጥ ገብቷል።

ሮው ሌላም ሠራ። ከደቡብ አፍሪካዎቹ የ«ቪሌጅ ቴልኮ» ሰዎች ጋር ሆኖ «ሜሽ ፖቴቶ» የሚባል ዕቃ ነደፈ። በቀጥታ ብንተረጉመው የመረብ ድንች ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ግን ይጣፍጣል። ዋይፋይና አስትሪስክ በውስጡ ያለው፣ ከቤት ውጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በፀሐይ ኃይል ሊሠራ የሚችል ሣጥን ነው። ተራ ስልክ ትሰካበታለህ። ጎረቤትህ ሌላ ድንች ከሰቀለ ሁለቱ ራሳቸው ይፈላለጋሉ፤ ሦስተኛው ቤት ሁለቱን ይዞ ለአራተኛው ያሻግራል። መንገዱን የሚያገኙበት ፕሮግራም የበርሊን ነፃ ዋይፋይ አቀንቃኞች የጻፉት ነው። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ ማንኮሲ የሚባል የገጠር አካባቢ ሰዎች ይህን ዕቃ ይዘው የራሳቸውን የስልክ መረብ ዘረጉ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፣ ስሙን ዜንዜሌኒ አሉት። በቋንቋቸው «ራሳችሁ ሥሩት» እንደማለት ነው። መንግሥታቸውም ያለ ከባድ ክፍያ እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። ይህን ሳነብ ስለ ወሎ ቀበሌዎች ነበር የማስበው።

ስካይፕን ረሳኸው ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁትም። በ2003 ሲወጣ መሥራቾቹ ስዊድናዊና ዴንማርካዊ ናቸው፣ ኮዱን የጻፉት ኢስቶኒያውያን። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ነፃ ጥሪ እሱ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ኮዱ ዝግ ነው። በ2008 ዲጂየም ከስካይፕ ጋር ተስማምቶ ሁለቱን የሚያገናኝ ፕሮግራም አሳወቀ። በ2011 ማይክሮሶፍት ስካይፕን በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መሆኑ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት ያ ማገናኛ መሸጡ ቆመ። ስምምነቱ አልታደሰም፣ አበቃ። ስካይፕ ራሱ በሜይ 2025 ተዘጋ። ዲጂየም በ2018 ለሌላ ኩባንያ የተሸጠው በ28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከስካይፕ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። አስትሪስክን ግን ዛሬም አውርዳችሁ መጫን ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ማዞሪያችን። በ2004 ዓ.ም. ክረምት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ጸደቀ። የውጭ ጋዜጦች «ኢትዮጵያ ውስጥ በስካይፕ ማውራት 15 ዓመት ያሳስራል» ብለው ጻፉ። አዋጁን ራሴ አንብቤዋለሁ። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ አገልግሎቱን ማግኘት፣ በቸልተኝነትም ቢሆን፣ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ። መንግሥትም የታሰበው ጥሪ የሚነግዱትን እንጂ ስካይፕ የሚጠቀመውን ሰው አይደለም ብሎ አስረድቷል። እውነት ለመናገር የሚነግዱት ነበሩ፤ ሲም ቦክስ ደርድረው የውጭ ጥሪ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ የሚያስገቡ። አስትሪስክን የመሰለ መሣሪያ ለዚህም ይውላል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ግን ማብራሪያው የሚሰማው በሬዲዮ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ በየቢሮው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከወንጀል ያልራቀ የሚመስል ነገር ሠራን። አንድ የተጣለ ፔንቲየም 4፣ ከጓደኛዬ ያገኘሁት በፖስታ በነፃ ይላክ የነበረ የኡቡንቱ ሲዲ፣ ደራሲዎቹ በነፃ እንዲወርድ የፈቀዱት የአስትሪስክ መጽሐፍ በፍላሽ። አምስት ተማሪዎች ነበሩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ሦስት የውስጥ ቁጥር ሰጠን፦ 101 ኮምፒውተር ክፍል፣ 102 ቤተ መጻሕፍት፣ 103 መምህራን ማረፊያ። ኢንተርኔት የለውም፤ ግቢው ውስጥ ባለው ገመድ ብቻ ነው የሚሄደው። ይሄ ዱባይ ያለው ልጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር። ሒሳብ ላይ ጎበዝ፣ ሲናገር ግን ዓይን አፋር። ጠራሁት። አነሳና እንደ ኦፕሬተር ድምፁን አወፍሮ «ሃሎ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ማንን ላቅርብልዎ?» አለ። ሁላችንም በሳቅ ሞትን።

ማክሰኞ ዕለት ከበላይ ተጠራሁ። «በኢንተርኔት ስልክ ትደውላለህ አሉ።» ኢንተርኔት እንዳልሆነ አስረዳሁ፤ ገመዱን አሳየሁ፤ ከግቢ እንደማይወጣ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከዚያ «ይሄን ለኔ አስረዳኸኝ፣ ገባኝ። ለመርማሪ ታስረዳለህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ሆነን አፈረስነው። ልጆቹ ምን ጥፋት እንዳጠፉ ጠየቁኝ፤ «ምንም» ብዬ አለፍኩ። ሕጉ ያን እንደማይከለክል አውቅ ነበር። አዋጁን ይዤ መከራከር እችል ነበር። አልተከራከርኩም። አሥራ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በሴፕቴምበር 2012፣ «ኦፐስ» የሚባል የድምፅ ማጠፊያ የዓለም የኢንተርኔት መስፈርት ሆኖ ወጣ። ድምፅን ለመላክ መጀመሪያ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ የጠቀለልከውን የሚፈታ ያንኑ ዘዴ ማወቅ አለበት። ከዚያ በፊት ደህና የሚባሉት ዘዴዎች ብዙዎቹ ፓተንት ያለባቸው፣ በየመስመሩ የሚከፈልባቸው ነበሩ። ኦፐስን የሠሩት ዣን ማርክ ቫለን የሚባል ካናዳዊ፣ ቲሞቲ ቴሪቤሪና ኮን ቮስ ናቸው። ኮን ቮስ ማን ነው? የስካይፕን የድምፅ ማጠፊያ የሠራው ሰው። ስካይፕ ኮዱን ዘግቶ ቢኖርም ይህን አንድ ነገር ለሁሉም ሰጥቷል፤ የኦፐስ ግማሽ አካል ከዚያ የመጣ ነው። ስለ ዝግ ኩባንያ ስጽፍ እጄ ይከብዳል፣ ይሄን ግን ማለፍ አልችልም።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ጥያቄህን የላክልኝ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። ያ ፋይል የተጠቀለለው በኦፐስ ነው። የዋትሳፕ የድምፅ መልእክትም እንደዚያው። የመኪናውን ድምፅ ከኋላህ የሰማሁት በነዚህ ሰዎች ሥራ ነው፣ ለማናቸውም አልከፈልንም። ለምን ይፈራሉ ላልከው፣ እዚያም ያው የደቂቃ ሒሳብ ይመስለኛል፤ ድምፅህ በየትኛው በር እንደሚያልፍ የሚወስነው ፈቃድ የሚሰጠው ወገን ነው። እናትህ ጋ በቦቲም ደውል፣ ምን ታደርጋለህ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የዚያን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አልጣልኩትም። ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። መልእክትህ የመጣ ቀን አወጣሁትና ሰካሁት። ጮኸ፣ ተነፈሰ፣ ተነሳ። የቁጥሮቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል ከፈትኩ። 102 ላይ ያንተ ስም ነው ያለው።